"ተኩላ መንገድ ዘግቶ ስለ ቀበሮ ምን ይጠየቃል?" የቻይኖች አባባል ከየት መጣ

አባባሉ ቻይና ውስጥ እስካሁን አለ። ዋናው ሌባ ተከብሮ ተቀምጦ ትንንሾቹን ማሳደድ ምን ዋጋ አለው ነው ነገሩ። ከዛሬ 1900 አመት ገደማ በፊት ከነበረው ከቻይናው ሹም ከዣንግ ጋንግ በፊትም የተናገሩት አሉ፣ ስም እንዲያወጣ ያደረገው ግን እሱ ነው፣ ደግሞ የሰውየው ሥራ ራሱ ባለስልጣን መቆጣጠር ነበር!

በፈረንጆች 142 ያኔ ቻይናን የሚገዛው የሃን ሥርወ መንግስት ንጉሠ ነገሥት ሹን ስምንት መርማሪ መርጦ አገሩን ዞራችሁ አጣሩ ብሎ ላከ፣ ትንሽ ሹም ካጠፋ እዛው ያስሩታል፣ ትልቁን ደግሞ በፈጣን ፈረስ ለቤተ መንግስት ሪፖርት ያደርጋሉ። ሰባቱ በእድሜም በስምም የከበዱ ናቸው፣ ዣንግ ጋንግ ብቻ ወጣት፣ ማዕረጉም ከሁሉም ያነሰ። እነሱ ሄዱ። እሱ ግን ከዋና ከተማው ከሉዎያንግ እንኳን ሳይርቅ የሠረገላውን መንኮራኩር አስነቅሎ መሬት ቀበረውና፣ አልሄድም ማለቱ ነው፣ ይቺን የተኩላና የቀበሮ ቃል ተናግሮ የጦሩን ዋና አዛዥ ሊያንግ ጂን በ15 ነጥብ ከሰሰው። ሊያንግ ጂ የንግስቲቱ ወንድም ነው፣ ቤተ መንግስቱም በዘመዶቹ የተሞላ። ከተማው በድንጋጤ ተናወጠ፣ ንጉሡ እውነት መሆኑን ቢያውቅም እርምጃ ለመውሰድ አልጨከነም።

ትንሹ ትልቁን እንዲቆጣጠር ማድረግ እዛ የቆየ ዘዴ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ106 ንጉሠ ነገሥት ዉ አገሩን 13 ቦታ ከፍሎ ለያንዳንዱ ተቆጣጣሪ ሲሾም ማዕረጋቸው፣ ያኔ የሚለካው በእህል ደሞዝ ነው፣ 600 ስፍር ነበር፣ የሚቆጣጠሯቸው ገዢዎች ግን 2000። ለኔ በጣም ብልህ ሀሳብ ነው፣ ዝቅ ያለ ሰው የሚያጣው ትንሽ የሚያገኘው ብዙ ስለሆነ ይደፍራል። ችግሩ ቆይቶ እነዚሁ ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው ጦር ያላቸው ገዢ ሆኑ፣ ሃንም ተበታተነ።

ሊያንግ ጂ ቂሙን አልረሳም። ከአስር አመት በላይ አመፅ ወዳለበት ጉዋንግሊንግ ገዢ አርጎ አሾመው፣ እዛው እንዲጠፋ ነው እንግዲህ። ዣንግ ጋንግ ግን አስር የሚሆኑ ሰዎች ብቻ ይዞ የአመፀኛው መሪ ዣንግ ዪንግ ሰፈር ድረስ ሄዶ አነጋገረው፣ ያኛውም የሹማምንት በደል ከአቅማችን በላይ ሆኖብን ነው የሸፈትነው ብሎ ነገረውና ከነሰዎቹ እጁን ሰጠ። አንድም ውጊያ የለም! እኔ ከክሱ እኩል የማደንቅለት ይሄንን ነው።

ዣንግ ጋንግ ብዙም ሳይቆይ እዛው ሥራ ላይ እያለ ሞተ። ሊያንግ ጂ የወደቀው በ159 ነው፣ ንብረቱ ተወርሶ ሲሸጥ ከ3 ቢሊዮን በላይ የመዳብ ሳንቲም ወጣው፣ በሱም የአገሩ ግብር በግማሽ ተቀነሰ።