የእርግዝና ስትሪፕ የሚታመነው መቼ ነው? ከሐዋሳ ፋርማሲ እስከ ጤና ጣቢያ

ሐዋሳ ውስጥ የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ ማግኘት አይከብድም። ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ፣ ከአቶቴ እስከ ሐይቅ ዳር ፋርማሲዎች ይሸጡታል፤ የሐኪም ማዘዣም አይጠየቅበትም። የሚከብደው መጠየቁ ነው። ሌላው ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዛ የምትጠብቅ፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የእርግዝና መመርመሪያ አለ?» የምትል ልጅ የተለመደች ናት። ተጠቅልሎ ሲሰጣት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቶሎ ትወጣለች። በዚህ ጥድፊያ ዋናው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል፦ ግንኙነት ካደረግሽ ስንት ቀን ሆነሽ? የስትሪፑ መልስ መታመን አለመታመኑ ከምንም በላይ በዚህ ይወሰናል።

እርግዝና በወሩ ውስጥ በየትኛውም ቀን አይፈጠርም። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚያሰጋው ጊዜ እንቁላል ከመውጣቷ በፊት ያሉት 5 ቀናትና የወጣችበት ቀን ነው። ችግሩ ያ ቀን መቼ እንደሚውል አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። እንቁላል የምትወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። በ28 ቀን ለሚመጣባት 14ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል፤ በ35 ቀን ለሚመጣባት 21ኛው። ቶሎ ቶሎ የሚመጣባት ሴት ደግሞ ደሙ እንዳቆመ ሰሞን ልታረግዝ ትችላለች።

የእኛ ዘመን አቆጣጠር እዚህ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል። ብዙ ሴቶች «ወር በገባ በ25 ነው የሚመጣብኝ» እያሉ በቀኑ ቁጥር ይይዛሉ። ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 ግን ጳጉሜ ስላለች 35 ቀን ነው። በ30 ቀን የሚመጣባት ሴት መስከረም 20 ላይ ስታይ «ቀደመ» ትላለች፤ የቀደመ ነገር የለም። ከአንዱ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን መቁጠር ይሻላል።

መከላከያ ካለ ስጋቱ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን በጣም ይለያያል። ምንም ሳይጠቀሙ ዓመቱን ሙሉ ግንኙነት ከሚያደርጉ 100 ሴቶች 85 ያህሉ ያረግዛሉ። «ውጭ ነው የጨረሰው» በሚለው ከሚተማመኑት 20 ያህሉ፣ በኮንዶም 13 ያህሉ፣ በሦስት ወር መርፌ 4 ያህሉ ያረግዛሉ። በክንድ ከሚቀበረውና ከሉፕ ጋር አንድም ላይሞላ ይችላል። ያልታሰበ ግንኙነት ከተፈጠረ ፖስት ፒል የተባለው የድንገተኛ መከላከያ ክኒን በ72 ሰዓት ውስጥ ይወሰዳል፤ በቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። የሚሠራው እንቁላል እንዳትወጣ በማዘግየት ነው። የተፈጠረ ጽንስ አያስወርድም። የወር አበባን ቀን ግን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ከወሰዱ በኋላ በሦስት ሳምንት መመርመር ያስፈልጋል።

ስትሪፑ የሚፈልገው ኤች ሲ ጂ የተባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን የሚመነጨው ጽንሱ ማህጸን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው፤ ያም እንቁላል ከወጣች ከ6 እስከ 12 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቅዳሜ ግንኙነት አድርጋ ሰኞ የምትመረምር ሴት የምታገኘው አንድ መስመር፣ ማለትም «እርግዝና የለም» የሚለው ውጤት፣ ምንም አይነግራትም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው «99 በመቶ» የወር አበባ መምጫ ቀን ካለፈ በኋላ፣ በትክክል ለተሠራ ምርመራ ነው። ወሯ የሚዛባባት ሴት ከመጨረሻው ግንኙነት 21 ቀን ብትጠብቅ ይሻላል። አንድ መስመር ወጥቶ የወር አበባ ካልመጣ በሳምንቱ ይደገማል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። መጀመሪያ መጠቀሚያ ጊዜው ማለፉን ማየት ነው። እሽጉ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ ወይም ፀሐይ ላይ መቆየት የለበትም፤ የሚከፈተውም ልክ ሲሠራበት ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ወፍራም ስለሆነ ይመረጣል፤ ብዙ ውሃ ጠጥቶ የሚሰጥ ሽንት ሆርሞኑን ያቀጥነዋል። ስትሪፑ በቀስቱ አቅጣጫ ይነከራል፤ ከተሰመረው ወሰን ማለፍ የለበትም። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይጋደምና ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ባለው፣ ይነበባል። ሁለት መስመር ከወጣ፣ ሁለተኛው የደበዘዘ ቢሆንም፣ ቀለም እስካለው ድረስ እርግዝና አለ ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚታይ ግራጫ ጥላ አይቆጠርም። የላይኛው የመቆጣጠሪያ መስመር ካልመጣ ስትሪፑ ተበላሽቷል፤ ሌላ መግዛት ነው። በጨው፣ በስኳር፣ በጥርስ ሳሙና የሚሠራው «ምርመራ» ከሆርሞኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ይህን ሁሉ በግል ለመሥራት ቦታም ጊዜም ይጠይቃል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች አንዲት የኪራይ ክፍል ለሦስት ለአራት ይጋራሉ። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው። ስለዚህ ጥድፊያቸው ይገባኛል። ጤና ጣቢያ የሚሠራው የሽንት ምርመራም ያው ስትሪፕ ነው፤ ጥቅሙ ቀኑን የሚጠይቅና ውጤቱን የሚያስረዳ ባለሙያ መኖሩ ነው። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎትም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል።

የወር አበባ መቅረት ብቻውን እርግዝናን አያረጋግጥም። የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት ወሯን ላታይ ትችላለች፤ የምታጠባም እንዲሁ። በሌላ በኩል ጽንስ ከወረደ በኋላ ሆርሞኑ ለሳምንታት ስለሚቆይ ስትሪፑ ሁለት መስመር ሊያሳይ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መጠኑን የሚለካው የደም ምርመራ ይረዳል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ስትሪፑ ሁለት መስመር አሳይቶ፣ በተለይ በአንድ ወገን የታችኛው ሆድ ከባድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ፣ ራስ መሳት ወይም የትከሻ ሕመም ከመጣ ጽንሱ ከማህጸን ውጭ ሊሆን ይችላል። ጽንሱ ያለበት የማህጸን ቱቦ ከፈነዳ ውስጥ ለውስጥ የሚፈሰው ደም ይገድላል። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ባጃጅ ተይዞ አዳሬ ወይም ሪፈራል ሆስፒታል መሄድ ነው።

እርግዝናው ያልተፈለገ ከሆነም መሄጃው ጤና ተቋም ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ ለተፈጠረ፣ የእናትን ሕይወት ወይም ጤና ለሚያሰጋ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰች ልጅና ለመሳሰሉት ሁኔታዎች ማቋረጥን ይፈቅዳል። በየሰፈሩ በድብቅ የሚሰጥ መድኃኒት ግን ብዙ ሴት አሳጥቶናል።

እርግዝናውን ለምትቀጥል ሴት የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት ባይዘገይ ጥሩ ነው። አዋላጇ በመጀመሪያ የምትጠይቃት የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ነው። የመውለጃውን ቀን ለመገመት በዚያ ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ይደመራል፤ መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 ከሆነች 9 ወር ከ4 ቀን። መስከረም 10 ያየች ሰኔ 20፣ ጥር 4 ያየች ጥቅምት 9 ገደማ ትጠብቃለች። ልክ በዚያ ቀን የሚወልዱ ጥቂቶች ናቸው፤ ቀኑ ካለፈ በሳምንቱ ግን መታየት ያስፈልጋል።