በአዲስ አበባ ዳርቻ የትንኝ ወለድ ቫይረሶች የአንቲቦዲ ምርመራ

ደንጊን፣ ቺኩንጉንያንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕቲ ትንኝ የምትመቻት ቆላ ናት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነው የአዲስ አበባ ደጋ አይስማማትም። ስለዚህ ቃሊቲ፣ አቃቂ ወይም ሰበታ ባለ ክሊኒክ ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ «ከየት መጡ? ትኩሳቱ መቼ ጀመረዎት?» ድሬዳዋ በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አስተናግዳለች (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ ሾፌር መልሱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ወባ በደም ፊልም ወይም በፈጣን ኪት መጣራቱ ግድ ነው። የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ብቻ አዝዞ ማሰናበት ግን ደንጊን ያስመልጣል።

አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን፣ ጊዜ ይፈልጋል። ቀድሞ የሚመረተው የአንቲቦዲ ዓይነት፣ አይጂኤም፣ የሚታየው ሕመሙ ከጀመረ ከ4 ወይም ከ5 ቀን ወዲህ ሲሆን ለሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። በሁለተኛው ቀን የተወሰደ ደም ኔጌቲቭ ቢሆን በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ በዚያ ወቅት የሚያዋጣው የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር ወይም ለደንጊ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው የኤንኤስ1 ምርመራ ነው። ዘግይቶ መጥቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው አንቲቦዲ፣ አይጂጂ፣ ብቻውን ያለፈ ሕመምን ሊያሳይ ይችላል። ቁርጡን የሚለየው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ማነጻጸር ነው፤ የአንቲቦዲው መጠን በአራት እጥፍ ከጨመረ በሽታው የቅርብ ነው።

ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ደም የደም መርጊያ መከላከያ በሌለው ቱቦ ይቀዳል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ብሎ ቆሞ ከረጋ በኋላ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከርና ከላይ የሚቀረው ፈሳሽ (ሲረሙ) ወደ ሌላ ቱቦ ይገለበጣል። ሲረሙ ሳይለይ በረዶ እስኪሆን የቀዘቀዘ ደም ቀይ ሕዋሶቹ ፈንድተው ሲረሙን ያቀሉታል፤ እንዲህ ያለው ናሙና ይጣላል። ሲረሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚላክ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር የሚጎዳው ይህኛው ነው፤ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሲረም አንቲቦዲው ይዳከማል። ቱቦው ላይ ከስም ጋር ሕመሙ የጀመረበት ቀን ካልተጻፈ ውጤቱን የሚተረጉም ሰው መያዣ ያጣል።

አንቲቦዲን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳየው ፈጣን የምርመራ ካርድ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው አይከፈትም፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል። የኪቱ መመሪያ ካለው ደቂቃ ዘግይቶ የወጣ ደብዛዛ መስመር አይቆጠርም፤ ካርዱ መሥራቱን የሚያረጋግጠው የ«ሲ» መስመር ካልታየ ካርዱ ዋጋ የለውም። አንቲቦዲን በኢንዛይምና በቀለም ለውጥ የሚለካው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ኤላይዛ፣ 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ መጠን በ450 ናኖሜትር ይነበባል። እዚህ የተለመደው ስህተት አጥቦ አለመጨረስ ነው፤ የቀረው ኢንዛይም ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይወልዳል።

ትልቁ ፈተና የዘመዳሞች መደናገር ነው። ደንጊ፣ ቢጫ ወባ፣ ዚካና ዌስት ናይል የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ስለሆኑ የአንዱ አንቲቦዲ በሌላው ኪት ላይ ይያያዛል፤ የቢጫ ወባ ክትባትም እንዲሁ። ቺኩንጉንያ ከሌላ ቤተሰብ ነው። ለመለየት አንቲቦዲው ሕያው ቫይረስን ምን ያህል እንደሚያከሽፍ የሚለካው ምርመራ ያስፈልጋል፤ ቀናት የሚፈጅና የክሊኒክ አቅም ያልሆነ ሥራ ነው። ጥርጣሬ ካለ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ተደርጎ ናሙናው ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል።

ውጤቱ እስኪመጣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ደንጊ ባለበት ሰው ላይ መድማትን ያባብሳሉ። ትኩሳቱ የበረደ ዕለት የሆድ ሕመም፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም የድድ መድማት ከመጣ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መላክ ያስፈልጋል።