ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲና ገጣሚ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፈጠራ ነው፤ ማን ይለካዋል?»
አንባቢ ይለካዋል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ጣና ሥር 200 ሜትር ወርዶ ስለተገነባ ከተማ ቢያነብ መጽሐፉን እዚያው ያጥፈዋል፤ የሐይቁ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነዋ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውኃም 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቤተ ሙከራ ትዕይንት ውስጥ 100 ብሎ የጻፈ ደራሲ፣ ትክክል የጻፈውንም ያስጠረጥራል። ሰማዩም ልክ አለው። ከሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ቆመው ወደ ሰሜን ሲያዩ የሰሜን ኮከብ ከውኃው በላይ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ ትታያለች፤ ክንድን ዘርግተው ቢለኩ ከአንድ ጡጫ ስፋት ብዙም አትበልጥም። አናት ላይ ያስቀመጣት ሰው የሌላ አገር ሌሊት ነው የጻፈው።

«የሳይንስ ቃል ግጥም ይሰብራል»
የሚሰብረው ቁጥሩ ነው። የወል ቤት በተባለው የግጥም ምት አንድ ስንኝ 6 እና 6 ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) ይይዛል፦
ሳተላይቷን ልይ ስል፣ ሐይቁ ላይ አየኋት
ጮክ ብለው ይቁጠሩት፦ ሳ፣ ተ፣ ላይ፣ ቷን፣ ልይ፣ ስል። «ሰው ሠራሽ» የሚል ቢጨምሩበት 9 ይሆንና ዜማው ያነክሳል። ሳይንሱ ምን አጠፋ?

«መንኮራኩር ከሌለበት አይሆንም»
ይሆናል። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆነው እምቦጭ ብቻውን መነሻ ነው።

«ልብ ወለድ የጀመረ ግጥም ይተዋል»
ኡርሱላ ለ ጊን (1929–2018) በሳይንስ ልብ ወለድ ዓለም ካወቃት በኋላም እስከ ዕድሜዋ ማብቂያ ግጥም ጽፋለች። ለጎጃም ቅኔ ጎረቤት ለሆነ ጸሐፊ ደግሞ ሁለቱ ይበልጥ ይቀራረባሉ። ጉባኤ ቃና የተባለው የቅኔ ዓይነት በ2 ቤት ብቻ ሰምና ወርቅ ይሸከማል። በልብ ወለዱ ሰሙ ማሽኑ ነው፤ ወርቁ ማሽኑ ሰው ላይ ያመጣው ጣጣ። ወርቁ ብቻውን ከወጣ ስብከት ይሆናል፤ ሰሙ ብቻ ከቀረ የዕቃ መመሪያ።

«ሐሳቤን ይሰርቁኛል»
የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ሥራ እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ጥበቃውም ደራሲው ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ሐሳብ ደብቆ ከመቀመጥ ረቂቁን መጨረስ ይሻላል። በቀን 300 ቃል 60,000 ቃል በ200 ቀን ያስጨርሳል። ከዚያ ለአንድ የፊዚክስ መምህርና ለአንድ የጣና ዓሣ አጥማጅ ያስነብቡት፤ አንዱ ያለፈውን ስህተት ሌላው ይይዘዋል።