ሌዘር ወይስ ዌይፋረር? ስለ ሁለት ትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ስለ ውሃ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ቦዬ ነው። ቦዬ ግን ለሸራ ይጠባል፤ ደግሞም የጉማሬ ቤት ነው። ሸራ ለመዘርጋት የሚበቃ ስፋት ያለው በአሰንዳቦ በኩል፣ ግልገል ጊቤ አንድ ግድብ የያዘው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር እንዲህ ያለውን ውሃ በማሰብ የተጻፈ ነው። ሌዘር ዛሬ ኢልካ በሚል ስም የምትሠራው፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሎምፒክ ያለችው የአንድ ሰው ጀልባ ናት። ዌይፋረር ደግሞ እንግሊዛዊው ኢያን ፕሮክተር በ1957 እ.ኤ.አ. የነደፋት፣ ሁለት ሰው የሚነዳት፣ ሦስትና አራት ሰው የምትጭን ጀልባ ናት።

«ሌዘር የውድድር ጀልባ ስለሆነች ዌይፋረርን ጥላት ትሄዳለች»

ሌዘር 4.2 ሜትር ገደማ ትረዝማለች፤ ገላዋ 59 ኪሎ፣ ያላት አንድ ሸራ 7.06 ካሬ ሜትር ነው። ዌይፋረር 4.82 ሜትር ረዝማ 170 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ክብደታቸውን ብቻ ያየ ሰው እንዲያ ቢገምት አይፈረድበትም። ነገር ግን እንግሊዞች የተለያዩ ጀልባዎችን አብረው ሲያወዳድሩ ሰዓት በሚያስተካክሉበት የፖርትስማውዝ ቁጥር ሁለቱም 1100 አካባቢ ናቸው፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ጀልባ ውሃ እየሰነጠቀች ስትሄድ ፍጥነቷን የሚወስነው ውሃው ላይ ያረፈው ርዝመቷ ነው። ሌዘር በሰዓት 8.8 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ ራሷ ያስነሳችው ማዕበል ይይዛታል፤ ዌይፋረር እስከ 9.5 ድረስ ትዘልቃለች። ሌዘር ብልጫዋን የምታሳየው ነፋሱ ጠንክሮ በውሃው ላይ መንሸራተት ስትጀምር ነው።

የዚህ ስህተት ሌላው ወገን «ዌይፋረር ለሽርሽር ብቻ ናት» የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ባለ ሸራ ጀልባ ነጂ ፍራንክ ዳይ በ1963 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ አይስላንድ ድረስ የተጓዘው በዚህችው ክፍት ጀልባ ነው፤ በእሷ የሚወዳደሩም ብዙ ናቸው።

«ሰፊ ስለሆነች አትገለበጥም»

ዌይፋረር 1.85 ሜትር ትሰፋለች፤ ሌዘር 1.4 እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ዌይፋረር ቶሎ አትገለበጥም። ከተገለበጠች ግን ማቅናቷ ብዙ ሥራ አለው፤ ይህን አስቀድሞ አለማወቅ ነው ሰውን የሚያደክመው።

ሌዘር ስትገለበጥ የሸራው ገመድ ይለቀቃል፤ ከሆዷ የወጣውን፣ ስትሄድ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛትን ሳንቃ ይዞ በክብደት መጎተት፣ ካልበቃም ላዩ ላይ መቆም ነው። ጥቂት ውሃ ይዛ ትነሳለች፤ እሱም ስትሄድ በራሱ ይፈስሳል። ዌይፋረር ላይ የሁለቱም ሸራዎች ገመድ መለቀቅ አለበት። አንዱ ሰው ሳንቃው ላይ ይወጣል፤ ሌላው ውሃው ውስጥ፣ ከመቀመጫው አጠገብ ተጠግቶ ይጠብቃል፤ ጀልባዋ ስትቀና እሱን አፍሳ ታነሳዋለች። ከዚያ በባልዲ መቅዳት ነው፤ ባልዲው በገመድ ካልታሰረ ከመገልበጧ ጋር ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ምሰሶው ውሃ ገብቶበት ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ አፏን ስትደፋ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ምሰሶው ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ማሰር ነው። ላይፍ ጃኬት በሁለቱም ጀልባ ላይ ከመነሳት በፊት ይታሰራል።

«ጥልቀት ለሁለቱም ያው ነው»

የግድብ ሐይቅ በበጋ ይጎድላል፣ ዳርቻው ደለል ነው። የሌዘር ሳንቃ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተሰካ ስለሆነ መሬት ሲነካ ጀልባዋን ቀጥ ያደርጋታል፤ ሰውየው ወደ ፊት ይወረወራል፣ የሳንቃው ማስገቢያም ሊሰነጠቅ ይችላል። የዌይፋረር ሳንቃ ሙሉ ሲወርድ 1.17 ሜትር ይጠልቃል፤ ግን በብሎን ላይ የሚዞር ስለሆነ ሲነካ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ተነስቶ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃታል። ለጊቤ ዓይነት ውሃ ይህ ልዩነት ከፍጥነት ይበልጣል። በሁለቱም ጀልባ ከግድቡ አካል መራቅ፣ ጉማሬ የት እንደሚውልም አስቀድሞ የአካባቢውን ዓሣ አጥማጆች መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ነፋስ የትም ያው ነፋስ ነው»

ሐይቁ ባለበት ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ባሕር ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠውን ግፊት እዚህ ለማግኘት 22 ገደማ ያስፈልጋል። የዝናብ ደመና ከፊቱ የሚልከው ድንገተኛ ነፋስ ግን ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል፤ ደመናው ሲጠቁር ወደ ዳር መውጣት ነው።

«ገመዱን አጥብቆ የሳበ ይፈጥናል»

ሸራው የፊት ጠርዙ መርገብገብ እስኪጀምር ይለቀቃል፣ ከዚያ መርገብገቡ እስኪቆም ብቻ ይሳባል። ከዚያ በላይ የተሳበ ሸራ ጀልባዋን ወደ ጎን ያጋድላታል እንጂ አያስኬዳትም።

«ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች»

ለብቻው ለሚማር፣ ለሚዋኝና ለቀልጣፋ ወጣት እውነት ነው፤ እሱም ቢሆን ክብደቱ ከታየ ነው። 7.06 ካሬ ሜትሩ ሸራ 80 ኪሎ አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ይፈልጋል። ከ55 እስከ 70 ኪሎ ለሚመዝን በዚያው ገላ ላይ 5.76 ካሬ ሜትር ሸራና አጠር ያለ የምሰሶ የታችኛው ክፍል ይገጠማል። አስተማሪና ተማሪ አብረው የሚወጡ ከሆነ ግን ዌይፋረር ያለ ጥርጥር ትመረጣለች።

«ቀለሟ ያማረ አሮጌ ጀልባ ጤነኛ ናት»

ሌዘር ላይ መጀመሪያ የሚታየው ምሰሶው የሚሰካበት ጉድጓድ ነው። ውሃ ይሞላና 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ ውሃው ከጎደለ ጉድጓዱ ወደ ገላዋ ያፈስሳል፣ በጠንካራ ነፋስም ምሰሶው ሊነቀል ይችላል። ቀጥሎ ትመዘናለች፦ ከ59 ኪሎ ብዙ ካለፈች ውስጧ ውሃ ጠጥቷል። ዌይፋረር ላይ የፊትና የኋላ የአየር ክፍሎቿ ክዳኖች ይፈተሻሉ። ጎማቸው ከደረቀ፣ በተገለበጠች ጊዜ የሚያንሳፍፋት ክፍል ውሃ ይሞላል። የእንጨት ከሆነች ደግሞ የሳንቃው ብሎን ዙሪያ በቢላ ጫፍ ይነካካል፤ ቢላው ከሰመጠ በስብሷል።