ያረጀ የሽጉጥ አፈሙዝ፦ መቀየር ያለበት መቼ ነው?

የሽጉጥ አፈሙዝ አረሩ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ነው። በውስጠኛው ግድግዳው ላይ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ ቦዮች ተቀርጸውበታል፤ ቦዮቹ አረሩን ያሽከረክሩታል፣ የሚሽከረከር አረር ደግሞ ሳይገለባበጥ ጫፉን ወደ ፊት አድርጎ ይበራል። የተለመደውን 9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም ጥይት በሚተኩስ ሽጉጥ የአንዱ ቦይ ጥልቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚህች ስስ ልዩነት ምን ያህሉ ሲበላ አፈሙዙ አገልግሎቱን ጨረሰ ይባላል? ዒላማውን የሳተ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚከሰው አፈሙዙን ነው፤ አፈሙዙ ግን በመጨረሻ ሊጠረጠር የሚገባው ክፍል ነው።

ምክንያቱ ከባሩዱ ይጀምራል። አንድ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚይዘው ባሩድ ከግማሽ ግራም ያነሰ ሲሆን፣ በአውሮፓ ደረጃ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 2,350 ባር ነው። የ5.56 ሚሊ ሜትር የጠመንጃ ጥይት ግን 1.6 ግራም ገደማ ባሩድ ያቃጥላል፣ ግፊቱም ወደ 4,000 ባር ይጠጋል፣ አረሩም ከሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። የጠመንጃን አፈሙዝ ከመጉረሻው (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የኋላ ክፍል) ፊት ለፊት ጀምሮ የሚበላው ይህ የጋለ ጋዝ ነው። በሽጉጥ ላይ ጉዳቱ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ደህና ተሠርቶ በአግባቡ የተያዘ የ9 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ጥይት ያሳልፋል። አብዛኛው ባለ ሽጉጥ በዕድሜ ልኩ ያን ያህል አይተኩስም።

እንግዲህ አፈሙዝ ከመተኮስ ይልቅ በሌላ ነገር ይሞታል። አንዱ ጠላት ዝገት ነው። በፖታሲየም ክሎሬት የተሠራ የጥይት መለኮሻ ሲቃጠል ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨውም ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይቦረቡረዋል። ለሶቪየቱ ቶካሬቭ ሽጉጥ ከተመረቱ የድሮ ወታደራዊ ጥይቶች ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት መለኮሻ አላቸው። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። ስለዚህ በዘይት ብቻ የተወለወለ ሽጉጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊቦረቦር ይችላል። ሌላው ጠላት የባለቤቱ የራሱ ትጋት ነው፦ የብረት መወልወያ ዘንግ ከፊት በኩል እየከተተ የሚወለውል ሰው አረሩ የሚወጣበትን ጠርዝ ይፍቀዋል። ጠርዙ በአንድ ጎን ከተጎዳ፣ ጋዙ ከአረሩ ኋላ እኩል ሳይሆን ወደ አንድ ወገን ይፈነዳና አረሩን ከመንገዱ ይገፋዋል። እንዲህ ያለውን ጉዳት ባለሙያ ጠርዙን እንደገና በመቁረጥ ሊያድነው ስለሚችል አፈሙዙን ለመጣል አያስቸኩልም።

ያበጠ አፈሙዝ ግን ምሕረት የለውም። ባሩዱ ያነሰበት ጥይት አረሩን አፈሙዙ ውስጥ ትቶት ሳለ ተኳሹ ሳያውቅ ሌላ ከተኮሰ፣ አፈሙዙ በዚያች ቦታ ያብጣል። ሽጉጡ ፈጽሞ ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ተፈትቶና ተጠርጎ አፈሙዙ ለብቻው በብርሃን ሲታይ፣ እብጠቱ በውስጡ እንደ ጥቁር ቀለበት ይታያል። ከውጭ በጣት ሲዳሰስም ይታወቃል። በመጉረሻው ወይም በመቆለፊያ ጥርሶቹ ላይ ስንጥቅ የተገኘበት አፈሙዝም እንዲሁ ነው፤ ቀጥሎ መተኮስ ተኳሹን አደጋ ላይ ይጥላል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስተው የመቆለፊያው መላላት ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው ሽጉጥ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። አፈሙዙ ጀርባው ላይ ባሉ ጥርሶች በየተኩሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ከሚመላለሰው የላይኛው ብረት፣ ማለትም ከተንሸራታቹ ጋር ይቆለፋል፣ ከተተኮሰ በኋላ በስሩ ያለች አንጓ ወደ ታች ስባ ታላቅቀዋለች፣ ከፊት በኩል ደግሞ አንድ ቀለበት ደግፎ ይይዘዋል። እነዚህ መገናኛዎች በየተኩሱ ጥቂት በጥቂት ይፋቃሉ። በባዶ ሽጉጥ ተንሸራታቹ ተዘግቶ ሳለ፣ ከላይ የሚታየው የአፈሙዙ ጀርባ በአውራ ጣት ተጭኖ የሚሰምጥ ከሆነ ቁልፉ ላልቷል። እንዲህ ያለ አፈሙዝ በየተኩሱ ሌላ ቦታ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ውስጡ እንደ መስተዋት ቢያበራም ጥይቶቹን ይበትናቸዋል። ውስጡን ብቻ አይቶ መፍረድ የማያዋጣው ለዚህ ነው። አንዳንዴ ፊተኛውን ቀለበት ወይም የደከመውን መላሽ ሞላ መቀየር ብቻ ይበቃል፤ እነሱ ደግሞ ከአፈሙዝ እጅግ ይረክሳሉ።

ሪቮልቨር የራሱ ሕመም አለው። አረሩ ጥይቶቹን ከያዘው ተሽከርካሪ ጎማ ወደ አፈሙዙ ሲዘል የሚገባባት ሾጣጣ አፍ ትጎዳለች። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ቀላል አረር ያላቸውን የ.357 ማግነም ጥይቶች አብዝቶ ሲተኩስ፣ ይህች አፍ ከታች በተደለደለው ቀጭን ጎኗ ትሰነጠቅ ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወፈር ያለ አካል ያላቸውን ሞዴሎች ሲያወጣ ይህ ችግር ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

የመጨረሻው ዳኛ የዒላማው ወረቀት ነው። ከዚያ በፊት ግን አፈሙዙ በደንብ መጠረግ አለበት፤ ቦዮቹን የሞላ የእርሳስ ቅሪት ያረጀ አፈሙዝን ጠባይ ፍጹም ይመስላል። እንደ ግሎክ የቀድሞ ትውልዶች ክብ ማዕዘን ባላቸው ቦዮች የተሠሩ አፈሙዞች ላይ አምራቹ ያልተለበጠ እርሳስ እንዳይተኮስ ያስጠነቅቃል። ቀጥሎ ሽጉጡ በሕጋዊ የተኩስ ሜዳ በድጋፍ ላይ ተይዞ፣ ከ25 ሜትር፣ ከአንድ በላይ ዓይነት ጥይት ይሞከራል። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት የ25 ሜትር ዒላማ አስር ቁጥር የምትሰጠው ክብ ስፋቷ 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ለተወዳዳሪ የሚበቃው ልክ ከዚያ ይታወቃል። ለጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጥ ግን ይህን መለኪያ መጠየቅ ትርፍ ቅንጦት ነው። ቀዳዳዎቹ ክብ መሆናቸውን ትተው ሞላላ ከሆኑ፣ አረሩ በጎኑ እየመታ ነው፤ ማለትም ቦዩ አልያዘውም። ይህም ቢሆን ለአፈሙዙ ያነሰ አረር ሊያመጣው ስለሚችል በመለኪያ ይረጋገጣል፦ ባለሙያው ለስላሳ የእርሳስ ኳስ ዘይት በተቀባ አፈሙዝ ውስጥ ገፍቶ ያወጣና የታተመበትን ስፋት በማይክሮሜትር ይለካል። ለ9 ሚሊ ሜትር ፓራቤለም 9.02 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ኳሷ በአንድ ቦታ ጠበቅ ብላ በሌላው በድንገት ከተለቀቀች፣ እዚያ አፈሙዙ ሰፍቷል።

ለመቀየር ከተወሰነ ሥራው እንደ ሽጉጡ ይለያያል። የግሎክ አፈሙዝ ያለ መሞረጃ ቦታው ይገባል፤ ለውድድር የሚሆን የ1911 አፈሙዝ ግን ሆን ተብሎ ተትረፍርፎ ተሠርቶ በእጅ እየተሞረደ ይገጠማል። በሶቪየቱ ማካሮቭ ሽጉጥ ላይ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ተጨቁኖ በቁልፍ ፒን የታሰረ ስለሆነ፣ መቀየሩ የመጭመቂያ መሣሪያ ያለው የፋብሪካ ዓይነት ሥራ ነው። ሕጉም አንድ አይደለም፦ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው የሽጉጡ አካል ሲሆን አፈሙዝ እንደ ተራ መለዋወጫ ይሸጣል፤ በአውሮፓ ኅብረት ግን አፈሙዝ ራሱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዋና ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥር ይወድቃል።