በቪዥዋል ቤዚክ 6 በመለያ የተጻፈ መስመርን ወደ አሬይ መነጣጠል

ቪዥዋል ቤዚክ 6 ማይክሮሶፍት በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ ከዶት ኔት በፊት የነበረው የቋንቋው የመጨረሻ ስሪት ነው። የፕሮግራም መጻፊያው ድጋፍ በ2008 ቢቋረጥም ጽሑፍን እንደ ኮማ ባለ መለያ ምልክት ቆርጦ አሬይ (በቁጥር የተደረደረ ዝርዝር) የሚያደርገው ስፕሊት የተባለው ፋንክሽን በኤክሴል ማክሮ ውስጥ ዛሬም በዚያው ጠባዩ ያገለግላል። ከስሪት 6 በፊት በኢንስትር ኮማውን እየፈለጉ በሚድ መቁረጥ ነበር።

ስፕሊት ጽሑፉን፣ መለያውን፣ የቁራጭ ብዛትንና የማነጻጸሪያ ስልትን ይቀበላል። ግዴታው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ መለያ ካልተሰጠው በስፔስ ይቆርጣል። ብዛቱ 2 ከተባለ የመጀመሪያው መለያ ላይ ብቻ ይቆርጥና ቀሪውን እንዳለ ይተወዋል፤ «ስም = ዋጋ» ለሚመስሉ የሴቲንግ መስመሮች ይህ ድንቅ ነው።

የሚመለሰው አሬይ ኦፕሽን ቤዝ 1 (አሬይ ከ1 ይጀምር የሚለው ትእዛዝ) ቢጻፍም ከ0 ይጀምራል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ አንድ ወጥ መሆኑ ግን ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል። 5 ኮማ ያለው መስመር 6 ቁራጭ ይሰጣል፤ ዩባውንድ (የመጨረሻው ቁራጭ ቁጥር) 5 ይሆናል። መስመሩ በኮማ ካለቀ የመጨረሻው ቁራጭ ባዶ ነው። መስመሩ ራሱ ባዶ ከሆነ ዩባውንድ -1 ስለሚሆን ቁራጭ 0ን መጥራት ኤረር 9 (በአሬዩ ውስጥ የሌለ ቁጥር ተጠራ የሚለውን) ያስነሳል። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የተረሳ ባዶ መስመር ፕሮግራሙን የሚጥለው በዚህ ምክንያት ስለሆነ አስቀድሞ ዩባውንድን መፈተሽ ይገባል።

ስፕሊት ትእምርተ ጥቅስን አያውቅም፤ በጥቅስ ውስጥ ያለ ኮማንም ይቆርጣል። መላው ቀላል ነው፦ መስመሩን መጀመሪያ በጥቅሱ ምልክት መነጣጠል። ኢንዴክሳቸው 1፣ 3፣ 5 የሆኑት ቁራጮች በጥቅስ ውስጥ የነበሩት ናቸው። በእነሱ ውስጥ ያለውን ኮማ በካራክተር 1 (በተራ ጽሑፍ ውስጥ በማይገባ ስውር ምልክት) ተክቶ፣ ሁሉንም በጆይን ባዶ ጽሑፍን መለያ አድርጎ አገናኝቶ፣ እንደገና በኮማ መቁረጥ፤ በመጨረሻ ካራክተር 1ን ወደ ኮማ መመለስ። የተደጋገመ ጥቅስ ቆጠራውን አያፋልስም፣ ምልክቱ ግን ከጽሑፉ ይጠፋል።

ፋይልን መስመር በመስመር የሚያነበው ላይን ኢንፑት መስመር አለቀ የሚለው ካሬጅ ሪተርን የተባለውን የመስመር ማብቂያ ምልክት ሲያገኝ ነው። ከዩኒክስ የመጣ ፋይል ላይን ፊድ የተባለው ሌላው የመስመር ማብቂያ ምልክት ብቻ ስላለው ሙሉው እንደ አንድ መስመር ይነበባል። ፋይሉን በባይነሪ ከፍቶ በአንድ ጊዜ ማንበብና በላይን ፊድ መነጣጠል ይሻላል፤ የተረፈ ካሬጅ ሪተርን ካለ አስቀድሞ በሪፕሌስ ይጠረጋል።

ረድፎቹ በባለ ሁለት ዳይሜንሽን አሬይ ከተያዙ ሪዲም ፕሪዘርቭ (ይዘቱን ሳያጠፋ አሬይን የሚያሰፋው ትእዛዝ) የሚያሰፋው የመጨረሻውን ዳይሜንሽን ብቻ ስለሆነ ረድፉ ሁለተኛ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ማስፋቱም በየረድፉ ሳይሆን በ1000 በ1000 ቢሆን ፍጥነቱ ይጠበቃል። ቆጣሪውን ሎንግ (ትልልቅ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ማድረግ ነው፤ ኢንቲጀር የተባለው አነስተኛ ዓይነት ከ32767 ሲያልፍ ኤረር 6 (ቁጥሩ ከዓይነቱ አቅም በላይ ሆነ የሚለው) ይመጣል።