«የስትራዝስፔይ ንጉሥ»፦ የጄምስ ስኮት ስኪነር ሸክላ

«የስትራዝስፔይ ንጉሥ» የስኮትላንድ ባህላዊ የፊድል ዜማዎች የተሰበሰቡበት ሸክላ ነው። ያወጣው ቶፒክ ሬከርድስ ሲሆን ዘመኑም 1975 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተጫዋቹ ጄምስ ስኮት ስኪነር ይባላል። ሸክላው ገበያ ላይ ሲውል እሱ ከሞተ 48 ዓመት አልፎ ነበር። በሕይወት ሳለ የቀረጻቸው አሮጌ ቅጂዎች ናቸው ተሰብስበው በአንድ አልበም የወጡት።

ፊድል ሲባል ሌላ መሣሪያ እንዳይመስላችሁ። ያው ቫዮሊን ነው። ልዩነቱ ያለው ደጋኑን በያዘው እጅ ላይ ነው። ስትራዝስፔይ የስፔይ ወንዝ የሚፈስበት ሸለቆ ስም ነው፤ የዳንስ ዜማ ስምም ሆኗል። በአራት ምት የሚሄድ፣ ከፈጣኑ «ሪል» ቀዝ ያለ፣ ግን የሚያነጥር ዜማ ነው። አጭሯ ድምፅ ቀድማ ቆረጥ ትላለች፣ ረጅሟ ትከተላታለች። ተጫዋቹ አንዷን ድምፅ ደጋኑን ወደ ታች ስቦ ያወጣና ቀጣዮቹን ሦስት ወደ ላይ በአንድ ግፊት ይወረውራቸዋል። የመጨረሻዋ ላይ ጉልበት ይጨመራል። ይህን በኖታ መጻፍ ይቻላል። ግን በጆሮ ካልሰሙት አይያዝም። የዚህ ሸክላ ትልቁ ዋጋም እዚህ ላይ ነው።

ከስኪነር በፊት ስለነበረው ዘመን በአጭሩ፦ ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ኒል ጎው ነው (1727–1807)። በፐርዝሻየር ኢንቨር ኖረ፣ የአቶል መስፍኖች ደግፈውታል፣ ሠዓሊው ሄንሪ ሬበርን ምስሉን ሥሎታል። ወደ ላይ በሚገፋው ደጋኑ ኃይል ይታወቅ ነበር። ድምፁን የሚያስቀር መሣሪያ ግን ገና አልተፈጠረም።

ስኪነር በ1843 አበርዲንሻየር ውስጥ ባንኮሪ ተወለደ። አባቱ ዊልያም ፊድል ተጫዋችና የዳንስ መምህር ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ሲጎዱ መሣሪያውን ገልብጦ በግራ መጫወት የለመደ ሰው ነው። ልጁ ገና ነፍስ ሳያውቅ አባትየው ሞተ። ስኪነርን ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ሳንዲ ነው። ገና በልጅነቱ ከፊድል ተጫዋቹ ፒተር ሚልን ጋር እየዞረ በየጭፈራው ቼሎ ያጅብ ነበር። በ1855 ማንቸስተር ወርዶ «የዶክተር ማርክ ትንንሽ ሰዎች» የሚባል የልጆች ኦርኬስትራ ውስጥ ገባ። እዚያ ቻርልስ ሩዥዬ ኖታ ማንበብ አስተማረው። በ1858 ቡድኑ በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ለንግሥት ቪክቶሪያ ተጫወተ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት እንጀራው የዳንስ ማስተማር ነበር። በ1893 አሜሪካ ደርሶ ሲመለስ ግን ዳንሱን ትቶ ኪልት (የስኮትላንዳውያንን ቀሚስ መሰል ልብስ) ለብሶ መድረክ ላይ መቆምን መረጠ። ከ600 በላይ ዜማዎችን ደርሷል። ከእነሱ አንዱ «የቦን አኮርድ ቆንጆ» ነው፤ ቦን አኮርድ የአበርዲን ከተማ መሪ ቃል ነው። ሌላው ጄኔራል ሄክተር ማክዶናልድ በ1903 ፓሪስ ላይ ራሱን ሲያጠፋ ስኪነር ለወዳጁ መታሰቢያ የጻፈው «ጀግናው ሄክተር» ነው። ዝግ ያለ፣ አንጀት የሚበላ ዜማ ነው። ዛሬም ፊድል የያዘ ስኮትላንዳዊ ሁሉ ያውቀዋል።

ስኪነር መጀመሪያ የቀረጸው በ1899 ነው፣ ያውም በሰም ሲሊንደር። አንዱ ሲሊንደር ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። በኋላ የመጣው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላም በአንድ ገጽ ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይዘልም ነበር። ማይክሮፎን የለም። ድምፁን ወደሚሰበስበው ቀንድ መሰል የብረት አፍ ቫዮሊኑን አስጠግቶ መጫወት ነው፤ ድምፁ ራሱ መርፌውን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ የ1975ቱን ሸክላ ስታጫውቱ መጀመሪያ የሚሰማው ሽሽታ ነው። ፒያኖው ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ ያለ ይመስላል። ትንሽ ታገሡ። ጆሮ ሲለምድ የደጋኑ ንክሻ አንድ በአንድ ጥርት ብሎ ይወጣል። በ1843 የተወለደ ሰው እጅ እኮ ነው የምትሰሙት!

በአጨዋወቱ ላይ ክርክር አለ። ክላሲካሉን አብዝቶ ባህሉን አስጊጦታል፣ ለዳንስ ሳይሆን ለጭብጨባ ተጫውቷል የሚሉ አሉ። ትችቱ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ስትራዝስፔዩን ሲጀምር ያለው ምት የዳንስ መምህር ምት መሆኑ አያጠራጥርም። በ1926 ከ80 ዓመቱ በላይ ሆኖ ለፊድል ውድድር አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ሉዊስተን ሄዷል። ፒያኖ አጃቢው ስላልተከተለው ተናዶ መድረኩን ጥሎ ወረደ ይባላል።

በ1927 አበርዲን ውስጥ ሞተ፤ መቃብሩ አለንቬል ነው። ከእሱ በኋላ ፊድል ተጫዋቹ ሄክተር ማካንድሩ የሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድን አጨዋወት ይዞ ቆየ። በሰሜን ያሉት የሼትላንድ ደሴቶች የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ ቶም አንደርሰንና ተማሪው አሊ ቤይን ይጠቀሳሉ።

አሳታሚው ቶፒክ በ1939 በሠራተኞች የሙዚቃ ማኅበር ተመሥርቶ የሕዝብ ዜማን ሲያሳትም የኖረ ቤት ነው። የስኪነር ኖታዎችና የእጅ ጽሑፎች ደግሞ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠዋል። ስለ ደጋን አያያዝ የሚያስተምር መጽሐፍም ራሱ አሳትሟል። መጽሐፉን ገልጦ ሸክላውን የሚያጫውት ሰው ምልክቱ የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ ከጸሐፊው እጅ ይሰማል።